የሰኔ ደብተሬ

ዛሬ ጠዋት የሰኔን ደብተር ገለጥኩት። ወሩን ሙሉ የጻፍኩት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። አንድ። ከሱ በታች የመጋዘን ቆጠራ ላይ በችኮላ የደመርኩት ቁጥር አለ፣ ቀጥሎ ልጄ የሳለችው ዶሮ፣ ከዚያ ባዶ ገጽ።

ድሮ ቢሆን ይሄን ሳይ ያመኝ ነበር። ከሰው ጋር አልነጋገርም፣ ምግብ አይበላልኝም፣ "ዕድሜዬ እንዲሁ አለቀ" እያልኩ እብሰለሰል ነበር። አሁን አያመኝም። ለምን እንደማያመኝ ልጽፍ ነው የተቀመጥኩት።

ሥራዬ ሒሳብ ነው። ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ 14 ዓመት ሆነኝ። ቤቴ ደሴ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ሰርቪሱ ያነሣንና ሐረጎን ቁልቁል እንወርዳለን። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። ከ25 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ መንገድ፣ ጃኬት ደርበህ የወጣህ ሰውዬ ስትደርስ እጅጌህን ትሰበስባለህ። ሹፌራችን አምባሰልና ባቲ ይወዳል። ስማቸው አገሩን ሁሉ የዞረ ቅኝቶች ናቸው፤ ለኛ ግን ዘመድ የምንጠይቅባቸው፣ ገበያ የምንወርድባቸው ቦታዎችም ናቸው።

ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ይዘጋል። የሒሳብ ሰው የሆነ ሁሉ ይሄን ወር ያውቀዋል። ቆጠራ አለ። ያልተወራረደ ገንዘብ አለ። ሰው ኪስ ውስጥ የቀረ ደረሰኝ አለ። የሒሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪ ላይ ያለው ቁጥርና መጋዘን ውስጥ ያለው ክር አልገጣጠም ሲሉ ማታ 3 ሰዓት ድረስ ቢሮ መቀመጥ አለ። ሐምሌ ላይ ደግሞ ኦዲተሮቹ ይመጣሉ። እና በዚህ መሃል ልቦለድ መጻፍ? አይታሰብም።

ከሥራው ውጪ ሦስት ነገር ይዞኛል። እጽፋለሁ፤ አጫጭር ልቦለድ፣ አልፎ አልፎ ግጥም። ኳስ እጫወታለሁ፣ እሮጣለሁ። ፖለቲካም አለብኝ። "አለብኝ" ያልኩት አውቄ ነው፣ ወደዚያ እመጣለሁ።

በ2011 ፕሮግራም አወጣሁ። ያኔ አገሩ ሁሉ ተስፋ ላይ ነበር፣ እኔም ፓርቲ ገብቼ ነበር። ኤክሴል ከፈትኩና ቀኑን ሸነሸንኩት። ሌሊት 11 ሰዓት ተነሥቶ ወደ ጦሳ ተራራ ግርጌ ሩጫ። ቀን ሥራ። ማታ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ጽሑፍ። ማክሰኞና ሐሙስ ስብሰባ። ቅዳሜ ኳስ። ለሁሉም እኩል፣ ለማንም ሳይደላ። ወረቀቱን ቁም ሳጥኑ በር ላይ ለጠፍኩት።

አራት ወር ያህል ሄደልኝ። ከዚያ ሁሉም ነገር ቀጠነ። ሩጫው ላይ ስለ ስብሰባው አስባለሁ፣ ስብሰባው ላይ እንቅልፌ ይመጣል፣ ማታ ደብተሩን ከፍቼ የምጽፈው ቀን ስብሰባ ላይ ልናገረው ፈልጌ ያልተናገርኩትን ነው። ልቦለድ አይደለም እኮ፣ ሙግት ነው። ሰዎቼ ሁሉ ንግግር ያደርጋሉ። አንድ ማታ ባለቤቴ እራት አቅርባ "በዚህ ወር ስንት ቀን አብረን በላን?" አለችኝ። ቆጠርኩ። መቁጠር ሥራዬ ነው። ስድስት። እሷም ስድስት ነበር የቆጠረችው። ሌላ ምንም አላለችም። ወረቀቱን ግን በማግስቱ እኔው ራሴ አነሣሁት።

የዚያን ሰሞን ኩታበር ያሉት አጎቴ ዘንድ ልቅሶ ልደርስ ሄጄ ቤታቸው አደርኩ። ጠዋት ማሳቸውን እያሳዩኝ ወረድን። እዚያ ደጋው በልግ አብቃይ ነው። የካቲት ዝናቡ ከጣለ ገብስ ይዘራል፣ ሰኔና ሐምሌ ላይ ይደርሳል። መኸሩ ደግሞ የራሱ ጊዜ አለው። አምና ገብስ የነበረበት ላይ ዘንድሮ ባቄላ ነው። አንዷን ቁራሽ መሬት ግን ባዶዋን ትተዋታል፣ ሣር በቅሎባት አንድ ጥጃ ይግጥባታል።

"ይችስ ጋሼ? ለምን አልዘሯትም?" አልኳቸው።

"ደክማለች። ትረፍ።"

"ታዲያ አያሳሳዎትም?"

ቆም ብለው አዩኝ። "አንተ ልጅ፣ ከተማ ገብተህ ረሳኸው እንዴ? ባንድ ማሳ ሁሉን ባንዴ የዘራ ሰው ምን ሲያጭድ አይተሃል?"

ምክር ሊሰጡኝ ፈልገው አልነበረም። ስለ መሬታቸው ነው ያወሩኝ፣ ወዲያው ስለ ጥጃው ማውራት ጀመሩ። እኔ ግን በሚኒባሱ ስመለስ እስከ ደሴ ድረስ ሌላ ነገር አላሰብኩም። ቀኔን ነበር ስሸነሽን የኖርኩት። መከፋፈል የነበረበት ዓመቱ ነው።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ነኝ። ሰኔና ሐምሌ የሥራ ናቸው። ሙሉ በሙሉ። ልቦለድ ልጽፍ ብዬ ደብተር አልከፍትም፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ከመጣ ይምጣ፣ ካልመጣም አልጠራውም። ነሐሴ የጽሑፍ ነው። የዓመት ፈቃዴን ነሐሴ ላይ ነው የማወጣው፣ ሌላው ሰው ለፋሲካ ሲሻማ ለኔ ማንም አይጋፋኝም። የደሴን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል። ጉሙ ከጦሳ ይወርድና ሰፈሩን ይሸፍነዋል፣ ከመስኮቱ ማዶ ያለው የጎረቤት ባሕር ዛፍ ይጠፋል፣ ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ሲወርድ ቤት ውስጥ ሰው ሲጠራህም አይሰማህም። ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዝቼ እቀመጣለሁ። በቀን ሦስት ገጽ ከወጣኝ በጣም ደስ ይለኛል። ከመስከረም እስከ ጥር መንገዱ ሲደርቅ ሩጫና ኳስ ነው። በዚያን ጊዜ የጻፍኩትን አርማለሁ እንጂ አዲስ አልጀምርም። ሲሮጡ ደግሞ ማረም ይቀላል፤ አንድ ቃል እግሬ ላይ ከተደናቀፈ ቤት ስገባ እሰርዘዋለሁ።

ይሄ ሁሉ ጥሩ ነው። ፖለቲካ ግን ወቅት አያውቅም።

ሰኔ 14 ቀን 2013 ምርጫ ነበር። ሰኔ መሆኑን ልብ በሉ። እኔ ከፓርቲ አባልነት ወጥቼ የሲቪል ማኅበረሰብ ታዛቢ ሆኜ ተመዝግቤ ነበር፣ ቢሮ ደግሞ ቆጠራ ሊጀመር ቀናት ቀርተውታል። አለቃዬን ለመንኩ፣ ሁለት ቀን ሰጠኝ። እነዚያን ሁለት ቀናት በሕይወቴ አልረሳቸውም። ሰዉ ሌሊት መጥቶ ተሰልፏል። አንዲት ፎጣ የደረቡ እናት ከዘራቸውን ተደግፈው "ልጄ፣ ቶሎ ታስገቡን ይሆን? ከብት አላጠጣሁም" ይሉኛል። ማታ በሩ ተዘግቶ ቆጠራ ሲጀመር ደግሞ የማውቀው ዓለም ውስጥ ገባሁ። የመጣው ወረቀት ስንት ነው፣ ለመራጭ የተሰጠው ስንት ነው፣ የተበላሸው፣ ያልተነካው፤ ተደምሮ መግጠም አለበት። ኃላፊዋ እያንዳንዱን ወረቀት ወደ ላይ እያነሣች ታነባለች፣ የፓርቲ ወኪሎች አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። ከሌሊቱ በስንት ሰዓት እንደሆነ እንጃ፣ ድምሩ አንድ አነሰ። ማንም አልተቆጣም። እንደገና ቆጠሩት። ሁለት ወረቀት ተጣብቆ ነበር። ያን ጊዜ የሁለት ተፎካካሪ ፓርቲ ወኪሎች ባንድ ላይ "እፎይ!" አሉ።

ለብዙ ዓመት ፖለቲካ ማለት ንግግር ይመስለኝ ነበር። የዚያን ሌሊት ግን ሒሳብ ሠራተኛነቴም ፖለቲካ ውስጥ ቦታ እንዳለው አየሁ። ድምሩ እስኪገጥም ወንበርህን ለቀህ አለመነሣት። ይሄን እችላለሁ። ንግግሩን ሌላው ይችለዋል።

አምስት ወር ሳይሞላው ጦርነቱ ደሴ ገባ። ጥቅምት 2014 ነው፣ ማብቂያው አካባቢ። ከደሴ የወጣነው ልጄን ጀርባዬ ላይ አዝዬ ነው። ባለቤቴ የትምህርት ማስረጃዎችንና የልጅቷን የክትባት ካርድ ያዘች። እኔ ምን ያዝኩ? ቁልፍ። ሰባት ደብተር መደርደሪያ ላይ ትቼ የቤቱን ቁልፍ ይዤ ወጣሁ። ኅዳር መጨረሻ ከተማዋ ነፃ ወጣች፣ እኛ ታኅሣሥ ላይ ተመለስን። በሩ ተገንጥሎ ነበር፣ ቁልፉን ምን እንደማደርገው አላወቅሁም። ቤቱ ተበርብሯል። ከሰባቱ ሦስቱን አገኘሁ። አንዱ ምድጃው አጠገብ ነበር፣ ግማሹ ለእሳት ማቀጣጠያ ተቀዷል።

ብዙ ሰው ሰው ነው ያጣው። ከጎረቤቶቻችን መሃል ልጃቸውን የቀበሩ አሉ። ስለ ደብተር ለማንም አልተናገርኩም፣ ዛሬ ነው የማወራው። የሚገርመው፣ የጠፉትን ታሪኮች እንደገና ልጽፍ ስቀመጥ አብዛኞቹን ጨርሶ አላስታወስኳቸውም። አንዱን ግን ቃል በቃል ማለት እስኪቻል አስታወስኩት። ያንን ስሮጥ ያረምኩት ነበር። በእግሬ ነው የተረፈው።

ከዚያ 2015 መጣ። ክልላችን እንደገና ግጭት ውስጥ ገባ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋረጠ። ይሄን የምጽፈው ደስ ብሎኝ አይደለም። የመረጃ መቋረጥ ሰው ይጎዳል፤ ዘመድህ በሕይወት ይኑር አይኑር ሳታውቅ ታድራለህ፣ ነጋዴው ሥራው ይቆማል። መንገድ የተዘጋ ቀን ሰርቪሱም አይሄድም። ነገር ግን አንድ እውነት አየሁ፣ ልሸሽገው አልፈልግም። ማታ ማታ ስልኬ ዝም ሲል ከሁለት ሰዓት በላይ ተረፈኝ። በየቀኑ! ለካ ጊዜዬን ሲበላው የኖረው ሥራዬ አልነበረም፣ ኳሱም አልነበረም። ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር፣ ልለውጠው በማልችለው ነገር ላይ፣ ጣቴ እስኪደነዝዝ ስከራከር የኖርኩበት ሰዓት ነው። ፖለቲካ እየሠራሁ ይመስለኝ ነበር።

ዳታው ሲመለስ እኔ ወደዚያ አልተመለስኩም። ዜና አነባለሁ፣ ጠዋት ሰርቪስ ላይ፣ ኮምቦልቻ እስክንደርስ። ከዚያ ይዘጋል።

ፖለቲካውን ግን አልተውኩትም። አጠበብኩት። አሁን የማደርገው ሁለት ነገር ነው። አንዱ የሰፈራችን የውሃ ኮሚቴ ነው፣ ጸሐፊው እኔ ነኝ። ቧንቧው በሳምንት ስንት ቀን መጣ፣ ለማን አልደረሰም፣ ማን ያለ ተራው ሳበ፤ እመዘግባለሁ፣ ይዤ ወደሚመለከተው ቢሮ እሄዳለሁ፣ መልስ እስክናገኝ እመላለሳለሁ። የሰፈሩ ሴቶች ያንን መዝገብ ከኔ በላይ ያውቁታል። "ባለፈው ረቡዕ አልመጣም ብለህ ጽፈሃል? ጻፍ እንጂ!" ይሉኛል።

ሁለተኛው ሽምግልና ነው። ወሎ ውስጥ አበጋር የሚባሉ ደም የሚያደርቁ ሽማግሌዎች አሉ። ሥርዓቱ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ነው፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ ይቀመጥበታል። እኔ እዚያ ደረጃ አይደለሁም፣ ወደፊትም አልሆንም። በሰፈር ደረጃ፣ የድንበርና የብድር ጠብ ሲሆን ግን ሽማግሌዎቹ ቁጥር የሚይዝ ሰው ስለሚፈልጉ ይጠሩኛል። ቡናው ይፈላል። አቦሉ ላይ ማንም ስለ ጉዳዩ አያነሣም። ቶናው ላይ አንደኛው ይናገራል፣ ሌላው አያቋርጠውም። በረካው ላይ ሽማግሌው ይጠይቃሉ። ሦስት ሰዓት ይፈጃል፣ አንዳንዴ ሦስት ቅዳሜ። እኔ የታሪክ አጻጻፍ የተማርኩት እዚያ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ጠበኛው ሰው የሚዋሸው የት ላይ እንደሆነ ድምፁ ይነግርሃል፣ እና ለምን እንደዋሸ ሲገባህ ታዝንለታለህ።

ሥራን፣ ጥበብን፣ ኳስንና ፖለቲካን ስለ ማቻቻል ሳስብ ደጋግሜ የማስታውሳቸው አባትና ልጅ አሉ። አባትየው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ጀርመን ሄደው ስለ መኪና ተማሩ፣ ከመቶ ዓመት በፊት እዚያው ዘፈናቸውን በሸክላ አስቀረጹ፤ የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ሸክላዎች የሳቸው ናቸው። ገጣሚ ነበሩ። ነጋድራስነት ደግሞ የንግድና የቀረጥ ሹመት ነው፣ የኔ ዓይነት የቁጥር ሥራ። የኛው የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ልጅ የሆኑት የልጅ ኢያሱም ወዳጅ ነበሩ። ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩት አዳራሽ ስሙ አይጠየፍ ነው። ማንም ሳይጠየፍ የሚበላበት። አጠገቡ ሳልፍ ስሙን በሆዴ እደግመዋለሁ፣ እንደ ምኞትም እንደ ጸሎትም።

ልጃቸው ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። ኳስ ተጫወቱ፣ በ1954 አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን ዋንጫ ስናነሣ አሰልጣኙ እሳቸው ነበሩ፣ ከ1964 እስከ ሞቱበት 1979 የአፍሪካን እግር ኳስ መሩ። ገና በ1949፣ በመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ፣ ደቡብ አፍሪካ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም ስትል ከውድድሩ ወጣች። ይድነቃቸው አፓርታይድን ከስፖርቱ ለማራቅ ዕድሜ ልካቸውን ተሟገቱ። "ስፖርትና ፖለቲካ አይቀላቀልም" የሚሉኝ ሰዎች አሉ። እሳቸው ቀላቅለዋል፣ ደግ አደረጉ። ልዩነቱ የት እንደነበሩ ነው። ወንበራቸው ላይ፣ ድምፅ በሚሰጡበት ክፍል ውስጥ ነበሩ። የያዙት ነገር ከእጃቸው የሚደርስ ነበር።

የኛ የቅዳሜ ሜዳ ላይ ግን ሕግ አለን። ሁለተኛው አጋማሽ ሳያልቅ ፖለቲካ ያነሣ ሰው ለሁሉም ውሃ ይገዛል። ሕጉ ከ2013 ጀምሮ ነው። ያኔ አንድ የግራ ተመላላሽና አንድ በረኛ ማታ ፌስቡክ ላይ ተሰዳድበው ጠዋት ኳስ አንቀባበልም አሉ። ስምንት ሰው ለሁለት ሰው ኩርፊያ ቆመ። እንዲህ ሆኖ አይቀጥልም ተባለና ሕጉ ወጣ። ከኮምቦልቻ የሚመጡት ልጆች ላይ ደግሞ ዳገቱ ይበረታባቸዋል። ታች በሙቀት ተለማምደው እዚህ ሲወጡ በ20 ደቂቃ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ "አብሽር፣ ቀስ በል" እየተባባሉ ነው የሚጫወቱት። ጨዋታው ሲያልቅ ሣሩ ላይ ተዘርረን እንከራከራለን፣ ያኔ ይፈቀዳል። ከሮጥክ በኋላ ግን ድምፅህን ከፍ ለማድረግ ጉልበት የለህም። ሰው ሲናገር ትሰማዋለህ።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ፣ ዋናው እሱ ነው። "ጊዜዬ" እያልኩ ስጽፍ የኔ ብቻ አይደለም። ነሐሴን ሙሉ በር ዘግቼ ስቀመጥ ልጅቷን የያዘችው፣ እንግዳውን ያስተናገደችው ባለቤቴ ናት። እሷም ታስተምራለች፣ እሷም ይደክማታል። ይሄን ለመቀበል ከሚገባው በላይ ዓመት ፈጅቶብኛል፣ ይቆጨኛል። አሁን ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ የሷ ነው። ማስተርሷን እየተማረች ነው። በነዚያ ወራት ከሥራ ስመለስ ማዕድ ቤቱ የኔ ነው፣ ልጅቷን የቤት ሥራ የማሠራት እኔ ነኝ፣ አልጽፍም፣ ቅዳሜም ግማሹን ነው የምጫወተው። በልጓ እሱ ነው። ዘንድሮ ሁለተኛውን ሴሚስተር ስትጨርስ ውጤቷን ያየሁት ከራሴ ታሪክ መታተም በላይ ደስ ብሎኝ ነው።

ዛሬ ነሐሴ 3 ነው። ኦዲተሮቹ ሐሙስ ሄዱ። ጉሙ ወርዷል፣ የጎረቤት ባሕር ዛፍ ጠፍቷል። ሰኔ ላይ ሰርቪስ ውስጥ ሐረጎን ስንወርድ የጻፍኳት ዓረፍተ ነገር ይቺ ናት፦ "ጉሙ መኪናውን ሲውጠው ሹፌሩ ዘፈኑን ዘጋው።" እዚያው ቀርታ ሁለት ወር ጠበቀችኝ።

አሁን ከሥሯ ሁለተኛውን ጻፍኩ፦ "ከኋላ ወንበር አንዲት ሴትዮ፣ 'ለምን ዘጋኸው ልጄ፣ መንገዱን እኮ እሱ ነው የሚያሳይህ' አሉት።"